ካፖርቱን የለበሰው ልጅ

ነሐሴ 28

ለተከበሩ ዳቦ ጋጋሪ፤

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ ደህና ነው? እጅዎስ፣ ጉልበትዎስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። ያዘገየሁት ንቄ እንዳይመስልዎ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ፊደሉን አልረሳሁትም፣ ግን እንደ ሌላው ሰው አይሮጥልኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ወሬው እንዴት እንደደረሰኝ ጠይቀውኛል። እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት፤ ስለዚህ እነግርዎታለሁ።

እኔ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነኝ። የዚያን ቀን ካውያ ከምትመታዋ ጓደኛዬ ጋር አንሶላ እንጨምቅ ነበር። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይጨመቅም፤ አንዷ በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያ ጫፍ ይዛ ነው የሚጠመዘዘው። አንድ ወታደር በሩ ላይ ቆሞ የልጄን ስም ጠራና «እናቱ ማናት?» አለ። እኔ ነኝ አልኩ። «ልጅሽ በግዳጅ ላይ ሞቷል። አስከሬኑ በመኪና ይመጣል። እዚህ ላይ ፈርሚ» አለኝ። እጄ እርጥብ ስለነበር ወረቀቱ ተቀደደ። በሌላው እጄ ግን አንሶላውን እንደያዝኩ ነበርኩ። ጓደኛዬ እያለቀሰች «ልቀቂው እንጂ! ልቀቂው!» ትለኛለች። እኔ «ጭቃ ላይ ይወድቃል» አልኳት። ልጄ መሞቱን ከሰማሁ በኋላ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው።

አስከሬኑ መጣ። «ሣጥኑ አይከፈትም» አሉኝ፤ አስከፈትኩት። ራሴ አጥቤ ቀበርኩት። ካፖርቱ አብሮት አልነበረም።

በእናንተ ከተማ አደባባይ የተፈጸመው ነገር ወዲያው አልተሰማም ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሁሉም ወጣ። ወታደሮቹ የተላኩት «ጦርነቱ ይቁም» በሚሉ እናቶች ላይ ሊተኩሱ እንደሆነ ታወቀ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሠፈሩ ፊቱን አዞረብኝ። እህል ሻጯ ጎረቤቴ ልጄን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ሴት ናት። እሷ ሳትቀር በሰው ፊት «እኔ ለነፍሰ ገዳይ ነፍስ ይማር አልልም» አለች።  ምን ብዬ ልመልስ? ተኩሶ ይሁን አይሁን እኔስ መች አወቅኩ?

አሁን ደግሞ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ። ተኩሱ ሲታዘዝ ጠመንጃውን መሬት ላይ ያስቀመጠ አንድ ወታደር እንደነበረ፣ መኮንኑ እዚያው እንደመታው፣ እናንተም ጎትታችሁ ዳቦ ቤት እንዳስገባችሁት፣ ከሞተ በኋላ በመኪና ሲወስዱት ካፖርቱ እርስዎ ዘንድ እንደቀረ፣ ከአንገትጌው ሥር በቀይ ክር የልጄ ስምና የሆስፒታላችን ልብስ ማጠቢያ እንደተሰፋበት ጻፉልኝ። ስፌቱ የኔ ነው። እኛ ዘንድ ምልክት የሌለው ልብስ እንደጠፋ ነው የሚቆጠረው፤ ወደ ሠራዊት ሲሄድ የሰፋሁለትም ለዚህ ነው።

ደብዳቤዎን ለእህል ሻጯ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ኋላ «ምላሴ ይቆረጥ! ምነው በቆረጠው ኖሮ!» ብላ ደረቷን እየደቃች ሠፈሩን ሰብስባ መጣች። ልጄ ያኔ ነው የተለቀሰለት። ፈጣሪ ይስጥዎ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ጠመንጃውን ሲያስቀምጥ የተናገረው ነገር ነበር? ድምፁስ እንዴት ያለ ነበር?

አክባሪዎ፣
ልብስ አጣቢዋ


መስከረም 14

ለእህቴ ለልብስ አጣቢዋ፤

እንደምን አለሽልኝ? አንቺ ማለቴን ይቅር በዪኝ፤ አንቺም እንደዚያው በዪኝ። እርስዎ ስትይኝ ዞር ብዬ አማቴን እፈልጋለሁ። አማቴ ደግሞ ከሞተች ቆይታለች፣ ነፍሷን ይማረውና ብትመጣም ደስ አይለኝም።

ደብዳቤሽን ዱቄት በነካው እጄ ነው የከፈትኩት፣ አሁን ሁሉም ገጽ ነጭ ነው። አንሶላው ያለበት ላይ ስደርስ ተነሥቼ ወደ ምድጃው ሄድኩ። ልጆቹ እንዳያዩኝ ነው።

ለምን አደባባይ እንደወጣን ልንገርሽ። እኔ ፖለቲካ አላውቅም። አንድ ልጄ ጦር ሜዳ ነበር፤ ያኔ ደብዳቤው ከቆመ ቆይቶ ነበር። እዚህ ያለን እናቶች ሁሉ እንደዚያው ነበርን። አንዷ «ቤታችን ተቀምጠን የምናለቅሰውን አደባባይ ወጥተን ለምን አናለቅስም?» አለች። እንደዚያ ነው የተጀመረው። እያንዳንዳችን ልጃችን ትቶት የሄደውን ዕቃ ይዘን ወጣን። ማበጠሪያ የያዘች ነበረች፣ ኳስ የያዘችም ነበረች። እኔ የብስክሌቱን ደወል ፈትቼ ያዝኩ፤ መንገዱን ሙሉ ቅጭል ቅጭል ሳደርግ «ኧረ ዞር በሉ፣ ብስክሌት መጣ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። መሳቅ ነበረ፣ እመኚኝ። ጠመንጃ እስክናይ ድረስ።

ከመሃላችን ሁለት እናቶች ወደቁ። ማበጠሪያ የያዘችው አንዷ ናት። ያ ልጅ ጠመንጃውን ባያስቀምጥ ኖሮ ግን ማን ይተርፍ ነበር? ከመስመሩ ግማሹ እሱን አይቶ እጁ ዛለ። የኔ ልጅ በኋላ ተመለሰልኝ፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ያናድደኛል። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ኮሚቴ አቋቁመናል፤ ሊቀ መንበራችን አስተማሪው ነው። ለልጅሽ በአደባባዩ ላይ ድንጋይ ሊቆምለት ነው፣ ከነስሙ። በታኅሣሥ፣ ተኩሱ በሆነበት ዕለት፣ አንቺ ራስሽ ትገልጪዋለሽ። መኪናውን እኛ እንልካለን።

ካፖርቱ ላይ ያለው ደም እንዴት ይታጠባል? አንቺ ባለሙያዋ ነሽ፣ ንገሪኝ። እስከ አሁን ደፍሬ አልነካሁትም።

እህትሽ፣
ዳቦ ጋጋሪዋ


ጥቅምት 1

እህቴ ዳቦ ጋጋሪዋ፤

እንኳን ልጅሽ ተመለሰልሽ። ማፈር የለብሽም። በሰው ልጅ መመለስ የሚከፋ እናት የለችም፤ ካለችም እኔ አይደለሁም። ያናድድሽ፣ ይብላ፣ ይተኛ።

ደም በሙቅ ውሃ አይነካም። ሙቅ ውሃ ሲነካው ጨርቁን ነክሶ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ ከጨው ጋር ነው የሚዘፈዘፈው፣ ሳይታሽ። ግን ለጊዜው ተይው። ሳላየው አይታጠብ።

እዚህ ሁሉም ነገር ተለውጧል። ሠፈርተኛው ሰላም ይለኛል። የማጠቢያው ኃላፊ ስገባ ትነሣልኛለች። እህል ሻጯ ሽሮዬን ሳልከፍል ቋጥራ ትሰጠኛለች፤ «የጀግና እናት ከፍላ አታውቅም» ትላለች። «እስከ ትናንት የነፍሰ ገዳይ እናት ሆኜ እከፍል ነበር» ስላት ትስቃለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች።

ድምፁን ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። ረስተሽው ይሆናል። ለምን እንደጠየቅኩሽ ልንገርሽ።

ልጄ ይንተባተብ ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው። ቃሉ አልወጣ ሲለው «ቆይ… ቆይ…» ይላል፤ ልጆቹ ቆይ-ቆይ ብለው ስም አወጡለት፣ በዚያው ቀረ። ከኔና ከእኅቱ ጋር ሲሆን ደህና ነው። አለቃ ፊት ሲቆም ግን የገዛ ስሙም አይወጣለትም።

ሌላም አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ፈቃድ ሲመጣ ካፖርት አልነበረውም። «በዚህ ብርድ? ካፖርትህስ?» ብዬ ተቆጣሁት። «ሬ… ሬ… ሬዲዮ ለብሶታል» አለኝ። ሬዲዮ ጓደኛው ነው፤ ሲያወራ ስለሚውል ያወጡለት ስም ነው። የሬዲዮ ካፖርት ተሰርቆበት፣ ሁለቱ በአንድ ካፖርት ተራ ጥበቃ ይወጡ ነበር። አንዱ ሲገባ አንዱ ይለብሳል። «የራሱን አሰርቆ የሰው የሚለብስ ጓደኛ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። «ያ… ያወራልኛል» ብሎ ሳቀ።

የአንቺ ደብዳቤ ሲመጣ «የዚያን ቀን ተራው የልጄ ነበር ማለት ነው» አልኩ። አሁንም እንደዚያው እላለሁ። ግን ድምፁን ንገሪኝ።

እህትሽ


ጥቅምት 17

እህቴ፤

ይህን በችኮላ ነው የምጽፍልሽ፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ ከዕቃው ሊወጣ ነው። ደህና ነን። የድንጋይ ጠራቢው ሥራውን ጨርሷል። ፊደሉ እንዴት እንዳማረ ብታዪ! የልጅሽ ስም ከሩቅ ይነበባል። አስተማሪው ለንግግሩ አዲስ ሙሉ ልብስ አሰፍቷል፤ «ሙሽራ መሰልክ» ብዬ ስቀልድበት አኩርፎኛል። ለመንገድ ወፍራም ነገር ልበሺ፣ ታኅሣሥ እዚህ ክፉ ነው። እህል ሻጯንም ይዘሻት ነይ፣ ምላሷን ልየው።

ስለ ድምፁ… ያኔ ሁካታ ነበር፣ እህቴ። ማን ምን እንዳለ ማን ይሰማል?

ዳቦ ጋጋሪዋ


ጥቅምት 29

እህቴ፤

ዳቦ ቤት አስገብታችሁታል። እዚያ ሁካታ አልነበረም።

ንገሪኝ።

ልብስ አጣቢዋ


ኅዳር 9

እህቴ፤

አንዴ ጽፌ ቀደድኩት። ይሄ ሁለተኛው ነው።

ውሸት አልነገርኩሽም፣ የዘለልኩት ግን አለ። ስለ ልጅሽ አንደበት ከመጻፍሽ በፊት ስለ ድምፁ ስትጠይቂ ብቻ ነገሩ ከነከነኝ። እናት የልጇን ድምፅ ከሰው አትጠይቅም፣ የጠረጠረችው ነገር ከሌለ በቀር።

ድምፁ አደባባዩን ሞላው። «እናቴ ላይ አልተኩስም! እናንተም አትተኩሱ! እዩዋቸው እስቲ፣ እናቶቻችን እኮ ናቸው!» አለ። አንድም ቃል አልተሰነካከለበትም። ረጅም ነበር፣ አንገቱ እንደ ቀጭኔ። ዱቄት ጆንያ ላይ አስተኝተነው፣ ደሙ እየፈሰሰ እንኳ ማውራቱን አልተወም። ስለ መንገዱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ እኔ ደወል አወራ። በመጨረሻ «እትዬ፣ ዳቦሽ እያረረ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አርሮ ነበር። ዞሬ ምድጃውን ከፍቼ ስመለስ አልቋል።

እንግዲህ ይኸው ነው። አሁን ለምኜሽ ስሚኝ። ለአስተማሪው ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ሁለቱም ወታደር ናቸው፣ ሁለቱም በዚያ ቀን ሞተዋል። ድንጋዩ ተጠርቧል። ዝም ብንል ማን ይጎዳል?» አለ። እኔም ከሱ ጋር ነኝ። አንቺ ሰላምታ ያገኘሽው ገና አሁን ነው። ካፖርቱ የልጅሽ ነው፤ ያለበሰውም እሱ ነው። ይህ ምንም አይደለም ወይ? ተይው፣ እህቴ። እኔና አንቺ እንወቀው፣ ይበቃል።

እህትሽ


ኅዳር 20

እህቴ፤

ስለነገርሽኝ ፈጣሪ ይባርክሽ። ያስቀየምሽኝ ከመሰለሽ፣ አላስቀየምሽኝም።

ለሴት ልጄ አነበብኩላት። «እማዬ፣ ተይ በናትሽ! ሰው ሰላም ማለት ከጀመረን ገና አሁን ነው» አለች። «ሰላምታው የኛ አይደለም፣ ልጄ» አልኳት። «የማን ነው ታዲያ?» «የሬዲዮ እናት ነው።» «እሷን ታውቂያታለሽ?» አለችኝ። አላውቃትም። እሷም እንደ እኔ ሰው ፊቱን አዙሮባት ይሆናል። የልጇን ስም ድንጋይ ላይ ማንበብ የነበረባት እሷ ሆና፣ እኔ በመኪና ተጭኜ መጥቼ የሷን ልጅ ስም በኔ ልጅ ስም እሸፍናለሁ? ይህን ካደረግኩ ከዚያ በኋላ ልጄን እንዴት ብዬ አስበዋለሁ?

በኛ ሥራ አንድ የምንሳሳተው ስሕተት አለ። ምልክቱን አይተን ልብሱን እናደርሳለን፤ በሽተኛው ግን አልጋ ቀይሯል። ምልክቱ ልብሱ የማን እንደሆነ ነው የሚናገረው። ማን እንደለበሰው አይናገርም። ይህን ሳውቀው ኖሬ፣ በልጄ ጊዜ ልረሳው ፈለግኩ። ለአስተማሪው እንደዚህ ብለሽ ንገሪልኝ። ድንጋይ እንደገና ይጠረባል።

ለእህል ሻጯም ራሴ ሄጄ ነገርኳት።  «ታዲያ የኛ ልጅ ተኩሷል?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። «ታዲያ አሁን ምን እንበል?» «እኔ እንጃ» አልኳት። ሽሮውን ግን ከፈልኩ።

ልጄን ካጠብኩት ቀን ጀምሮ ማንም ያልጠየቀኝን ልንገርሽ። የተመታው ጎኑን ነው። ከፊት ቢሆን አንድ ነገር እል ነበር፣ ከኋላ ቢሆን ሌላ ነገር እል ነበር። ጎን ግን ለማንም አይመሰክርም።

ሬዲዮ ከሐይቅ ዳር ከተማ ነው። አባቱ ጀልባ ነጂ እንደነበረ ልጄ ነግሮኛል። ከእናንተ ሩቅ አይደለም። እናቱን ፈልጊልኝ። ስለ ልጄም ያየ ሰው ካለ ጠይቂልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፊልኝ፤ እንዳለፈው እንዳትዘልዪው።

እህትሽ


ታኅሣሥ 2

እህቴ፤

አስተማሪው መጀመሪያ ተቆጣ። ደብዳቤሽን ሰጥቼው ሲያነብ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ እንደገና አነበበ። ከዚያ ወደ ጠራቢው ሄደ። ጠራቢው «የሰው ስም ስትቀያይሩ እኔን ምን አደረጋችሁኝ?» ብሎ ጮኸበት፤ ነገሩን ሲሰማ ግን መዶሻውን አነሣ።

የሬዲዮን እናት አገኘኋት። ባሏ ሞቷል፤ እሷ በጀልባ መቆሚያው ቲኬት ትቆርጣለች። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራት አወራኋት፤ ወሬውን ከማን እንደወረሰ ወዲያው ገባኝ። መንግሥት የነገራት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? «ልጅሽ ከድቶ ጠፍቷል» ነው ያሏት፤ አስከሬኑን የት እንደቀበሩት ማንም አያውቅም። እሷ ደግሞ አመነች፣ አመነችና ደስ አላት! «ከድቶ ከሆነ በሕይወት አለ» አለችኝ። ጀልባ በመጣ ቁጥር ከሚወርደው ሰው መሃል ረጅም አንገት ትፈልጋለች። እኔ ይህን እያየሁ አፌን ከፍቼ «አንድ ቲኬት ስጪኝ» አልኳት። ሐይቁን ተሻገርኩ፣ ተመለስኩ። እንደገና ገዛሁ። ዋና አላውቅም፣ ጀልባ እፈራለሁ፣ መንገዱን ሙሉ ያስመልሰኝ ነበር። ግን አልነገርኳትም። ወደ ቤቴ መጣሁ። ፈሪ ነኝ በዪኝ።

ስለ ልጅሽ። ከመስመሩ የነበረ አንድ ወታደር አሁን ነዳጅ ማደያ ይሠራል፤ ጠየቅኩት። ቃሉን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፣ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። «ሬዲዮ ሲወድቅ ገሚሱ ተኮሰ፣ ገሚሱ ወደ ሰማይ ተኮሰ፣ ገሚሱ ቆመ። ማን የቱ እንደሆነ አላውቅም፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከመጨፈኔ በፊት ቆይ-ቆይን አየሁት። አጠገቤ ነበር። ጠመንጃው በእጁ ነው። አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ለማለት ይታገል ነበር። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

አስተማሪው «ይህ ይበቃል፣ እሱም እንቢ ሊል ነበር ብለን ከድንጋዩ ሥር እንጻፍ» ይላል። እኔም ልቤ ፈልጓል። ምን ልበለው? ደብዳቤዎቻችንንስ በዕለቱ አሳትመን ለሰው ብናድል ትፈቅጃለሽ?

እህትሽ


ታኅሣሥ 13

እህቴ ዳቦ ጋጋሪዋ፤

ፈሪ አልልሽም። የማትችዪውን ሁለት ጊዜ ሞክረሻል።

ወደ ሐይቁ ራሴ ሄድኩ፤ ካውያ የምትመታዋ አብራኝ ነበረች። ለሬዲዮ እናት እንዴት እንደነገርኳት አትጠይቂኝ። ነገርኳት። እንደዚህ ያለ ወሬ በሩ ላይ ቆሞ «ፈርሚ» ከሚል ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው የሄድኩት። ሰው ጀልባ ሊሳፈር መጥቶ ተሰልፎ ነበር፤ ማንም አልተቆጣንም። ካውያ የምትመታዋ ቲኬቱን ትቆርጥ ጀመር።

ስትረጋጋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በርዶት ነበር?» ነው። «አልበረደውም፤ የልጄን ካፖርት ለብሶ ነበር» አልኳት። እጄን ያዘችኝ። የመጨረሻ ቃሉን፣ ስለ ዳቦው የተናገረውን ነገርኳት፤ «የሱ ነው! የሱ ነው! የማይገባው ነገር የለም!» ብላ ሳቀች፣ እያለቀሰች ሳቀች። ድንጋዩን እሷ ትገልጣለች። ካፖርቱን ለሷ ስጫት። ይታጠብ አይታጠብ እሷ ትወስን።

ስለ ልጄ ከድንጋዩ ሥር ምንም አይጻፍ። አስተማሪው በጎ አስቦ ነው፣ አመስግኚልኝ። ነገር ግን አፉን ከፍቶ ምን ሊል እንደነበረ ማንም አያውቅም። እኔ እናቱ ሌትና ቀን ቃሉን ልጨርስለት እሞክራለሁ። አንዳንዴ ደህና ቃል ይሆናል፣ አንዳንዴ አይሆንም። ሕፃን ሆኖ ሲንተባተብ ሰዎች ቃሉን ሲጨርሱለት ይከፋው ነበር፤ ስለዚህ እተወዋለሁ።

ደብዳቤዎቹን አሳትሙ። እንዳሉ ይሁኑ፤ ያንቺም ዝላይ፣ የኔም ጥርጣሬ አይውጣ። የፊደል ስሕተቴን ግን አስተማሪው ያርምልኝ፤ ያለዚያ የሆስፒታሉ ሰዎች ይስቁብኛል።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ የምለው ይህን ነው። ለሬዲዮ ነፍስ ይማር በሉለት። ለሱ ማለት ቀላል ነው፣ ጮክ ብላችሁ በሉለት፤ እሱ ጮክ ያለ ነገር ይወድ ነበር። አደባባዩ ላይ ለወደቁት ለሁለቱ እናቶችም በሉላቸው። ከዚያ ለልጄም በሉለት። ተኩሶ እንደሆነ አላውቅም። እናንተም አታውቁም። እስክታውቁ አትጠብቁ፣ እኔም አልጠበቅኩም። ሳታውቁ፣ ለገዛ ልጃችሁ እንደምትሉት አድርጋችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።